ግድግዳው ላይ የቀሩት ራሶች

ስሙኝማ! ይቺን ሳትሰሙ የትም አትሂዱ። ቀለም የማይሸፍነው ነገር አይቻለሁ። የቀባሁት ደግሞ እኔው ነኝ።

ሆሳዕና ውስጥ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይታደስ ተባለ። ስሙን ተዉት፤ በሩ ላይ የቆማችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ የሱቅ ታፔላና የባጃጅ ጀርባ የምጽፍ ሰው ነኝ። "ኮሪደሩ ላይ ፈረስ፣ እንሰት፣ የሚስቅ ገበሬ ሳል፤ ከላይ 'ተገልጋይ ንጉሥ ነው' ብለህ ጻፍ" አሉኝ። ንጉሥ! እሺ ብዬ ከግንበኞቹ ጋር ገባሁ።

አንድ ከከምባታ፣ ከዳምቦያ የመጣ ለሳኝ ነበር፤ ሽማግሌ ነው፣ አፉ ግን ወጣት።

"እኛ ሲሚንቶ እየበላን አንተ ፈረስ ታሰግራለህ፣ አይደል?" ይለኛል።

"ጋሼ፣ ሲወልድ ውርንጭላው ያንተ ነው" እለዋለሁ።

ኮሪደሩ ባለጉዳይ የሚጠብቅበት ነው። አግዳሚ ወንበሮቹን አውጥተዋል፤ ግድግዳውን አጥበው፣ ስቱኮ መትተው፣ ነጭ ቀለም ሁለቴ ቀብተው አስረከቡኝ። ፈረሴን ጀመርኩ። በማግስቱ ስመጣ የፈረሱ ሆድ ላይ ቢጫ ክብ ወጥቷል። አጠገቡ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ የተቀመጠ ሰው ራስ በሚደርስበት ልክ፣ ተሰልፈው። ደግሜ ቀባሁባቸው። ቀለሙ ሲደርቅ ተመልሰው መጡ።

ለሳኙ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተ። "ቅቤ ነው! የባለጉዳይ ራስ ነው" አለና ሳቀ። "ይመረቃል ሲባል ሰምተው መጡ፤ ወንበር ስጣቸው እንጂ!"

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። በሩ አጠገብ፣ ከሌሎቹ ዝቅ ብላ ያለችው የእናቴ ናት።

እናቴ አጭር ነበረች። ከሌሞ ገጠር በጋሪ፣ ጋሪ ሲጠፋ በእግሯ፣ ስንት ዓመት ተመላለሰች። የጓሯችንን እንሰት ጎረቤት አጥሮ ወስዶባት "ይመለስልኝ" ነው ጥያቄዋ፣ ሌላ የላትም። መሥሪያ ቤት ስትሄድ ራሷን ቅቤ ትቀባለች። "ትልቅ ሰው ፊት በደረቅ ራስ አይቀረብም" ትላለች። ስሟ ሲጠራ እንዳያመልጣት በሩ ጥግ ትቀመጣለች፤ ሲደክማት ራሷን ግድግዳው ላይ ጣል ታደርጋለች፤ ቅቤው ሻሿን ያልፋል። አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ። ሞተች። እንሰቱ እስከ ዛሬ ሰው አጥር ውስጥ ነው።

ከዚያ ወዲያ እዚያ ኮሪደር ብቻዬን መሥራት አቃተኝ። ግንበኞቹ ለምሳ ሲወጡ አብሬ እወጣለሁ። ብሩሼን ሳስኬድ ከቀለሙ ጀርባ ሰው የሚተነፍስ ይመስለኛል። ዞር ስል ደግሞ ራሶቹ ሁሉ በሩን የሚያዩ፣ ስም እስኪጠራ የሚጠብቁ ይመስለኛል።

ኃላፊው መጣ፤ ሱፉን ለብሶ፣ ጫማው አቧራ እንዳይነካው እየዘለለ።

"ይሄ ቂጣ ቂጣ የሚመስለው ምንድን ነው?"

"ባለጉዳይ ነው" አልኩት።

"አትቀልድ አንተ ልጅ! ለምረቃው ይጥፋ። ልስኑን አራግፉት!"

ለሳኙ መሮና መዶሻ ይዞ ከወዲያኛው ጫፍ ጀመረ። ራሶቹ አንድ በአንድ ወደቁ። በሩ ጋ ሲደርስ እጁን ያዝኩት።

"ጋሼ፣ ይቺን ተዋት።"

"ምን፣ አናገረችህ እንዴ?"

"የእናቴ ናት።"

መዶሻውን አወረደ። በከምባትኛ ለራሱ የሆነ ነገር አጉረመረመ። ከዚያ፣ "ልጄ፣ እኔ ብተዋት ነገ ሌላው በዶማ ይንዳታል" አለኝ። "ዙሪያዋን ፈልፍዬ ሙሉዋን ላውጣልህ። በሁለት እጅህ ያዝ።"

ያዝኩ። ዙሪያዋን ቀስ እያለ ከፈተ። ተላቀቀች። ለአንድ አፍታ ክብደቷ መዳፌ ላይ አረፈ፣ የሰው ራስ ያህል። ግን ከልስኑ ኋላ ያለው ጭቃ ነው፣ የበሰበሰ ጭድ ነው፤ እጄ ላይ ፈረሰች። በጣቶቼ መሃል ወለሉ ላይ ፈሰሰች። ሊጠርግ የደፈረ ሠራተኛ የለም። ለሳኙ ራሱ ኮፍያውን አውልቆ ጠረገ። እጄን በኦሞ ታጠብኩ፣ በቲነር ታጠብኩ፤ ሽታው አልለቀቀኝም።

አዲስ ተለሰነ፣ ደረቀ። ፈረሴም ገበሬዬም ንጹሕ ሆኑ። ማንም ተመልሶ አልወጣም፤ የባሰ ያስፈራኝ እሱ ነው። በየጠዋቱ ስገባ መጀመሪያ በሩ ጥግ አያለሁ። ባዶ።

ምረቃው ሲደርስ ኃላፊው ጠራኝ። "አንዲት ነገር ቀርታለች" አለ፣ ልክ እዚያችው ቦታ ላይ እጁን አሳርፎ። "በቀይ፣ በትልቁ ጻፍልኝ፦ 'ግድግዳ መደገፍ ክልክል ነው'።"

የቀለሙን ጣሳ እግሩ ሥር አስቀምጬለት ወጣሁ። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች፣ በሌላ ሰው አስጻፋችሁት፤ አይቼዋለሁ፤ ፊደሉም ተንጋዷል። እሺ፣ እናንተ ሱፍ የለበሳችሁ፣ አንድ ነገር ብቻ መልሱልኝ፦ ሰውን በመጣበት ቀን ጉዳዩን ጨርሳችሁ ብትሸኙት ኖሮ፣ ግድግዳችሁን ማን ይደገፍ ነበር?