የማይበላው ሽምብራ

በ1998 ዓ.ም. የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ነበርኩ። ፖሊሶች የያዙኝ ጥር ላይ ነው፣ ከበዴሳ ቁልቁል ቆላው ላይ ካለችው የሽምብራ ማሳዬ። በ97ቱ ምርጫ ለተቃዋሚ ፓርቲ ታዛቢ ሆኜ ነበር፤ ሌላ ጥፋት አልነገሩኝም። ጋቢዬን እንደለበስኩ ሶዶ አመጡኝና አንድ ቆርቆሮ ቤት ከተቱኝ። ቤቱ ይፋጃል። እግር መዘርጊያ የለም።

በጋቢዬ ጫፍ ዘር ቋጥሬ ነበር። የምርምር ባለሙያው ብዙ ዓይነት ሽምብራ ሰጥቶኝ፣ ቀይ በል ጥቁር፣ ትልቅ በል ትንሽ፣ ሁሉንም ዘርቼ ነበር። ሙቀቱ ሲበረታ አብዛኛው አበባውን አረገፈ። ጥቂቱ ብቻ ፍሬ ያዘ። የያዘውን ለቅሜ ነው የቋጠርኩት። ባለሙያው መጥቶ ሊወስደው ነበር፤ ፖሊሶቹ ቀደሙት።

የክፍሉ ደንብ አንድ ነው፤ የሚበላ ነገር የግል የለም። ደንቡን የሚያስከብረው ካቦው ነው፤ እሱም እንደኛ እስረኛ፣ የጭነት መኪና ሾፌር። አንድ ቀን ፖሊሶቹ ከየቤታችን የሚመጣውን ስንቅ ከለከሉ። ከሰዓት ላይ ካቦው ቋጠሮዬን ዳሰሰ።

«ይሄ ምንድን ነው አባባ?»

«ዘር።»

«ሽምብራ አይደል እንዴ! ሰው በረሃብ እየወደቀ አንተ ዘር ትላለህ? ፍታው።»

«አልፈታም።»

አንድ የገሱባ ከተማ ነጋዴ ሊያስታርቅ ገባ፤ «ትልልቁን እንብላ፣ ደቃቁ ለዘር ይቅርለት።»

«አይሆንም» አልኩ። «የከርሞን ሙቀት የትኛው እንደሚችል ገና አልታወቀም። ባለሙያውም አያውቅም። የምትበሉት ምናልባት እሱን ይሆናል።»

«የከርሞን ተወው፣ የዛሬን ማን ቻለው?» አለ አንዱ ከጥግ።

ሰው ሳቀ። ካቦው አልሳቀም። ቋጠሮውን ጨበጠ። እኔም እጁን ጨበጥኩ።

«ስንቅ ሲገባ የእኔን ድርሻ ብሉት» አልኩ። «እስክፈታ ድረስ። ከእናንተ ከተረፈ እበላለሁ።»

«በዚህ በከሳ ገላህ?»

«በዚሁ።»

አየኝ፣ አየኝና እጁን ለቀቀ። «እስከ ነገ ጠዋት። ስንቅ ካልገባ ግን እንቆረጥመዋለን።»

ዛሬ ሰው ስለ እስሩ ሲጠይቀኝ ዱላውን እንዳወራለት ይጠብቃል። ዱላም ነበር። እኔን የከበደኝ ግን ያ ከሰዓት ነው። ያሰረህን መጥላት ቀላል ነው፤ አጠገብህ የተራበውን እምቢ ማለት ነው የሚያስቸግር። ዛሬም ቢሆን እምቢ እላለሁ።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተከፈተ፣ ስሜ ተጠራ። ሚስቴ ቦዬ፣ የአገራችንን ሥራ ሥር፣ ቀቅላ አምጥታለች። ጋቢዬን አወለቅኩና «ይታጠብልኝ» ብዬ ለፖሊሱ ሰጠሁት። ቋጠሮውን ጨመቅ ጨመቅ አደረገው። «ጥራጥሬ ነው» አለና ወረወረላት። ሚስቴ ቋጠሮውን በእጇ ይዛ፣ አንዴም ዞር ሳትል ሄደች።

ቦዬውን ካቦው ፊት አስቀመጥኩ። መጀመሪያ ቆርሶ ለእኔ ዘረጋ።

«ብላ እንጂ አባባ፤ ትናንት ርቦኝ ነው።»

«እኔም ርቦኝ ነበር» አልኩት። «አሁን ሰዉ ይብላ።»

ሄጄ ቆርቆሮውን ተደግፌ ተቀመጥኩ።