ባለ ሦስት ጓጉንቸሩ የጥበብ ቤት

ረቡዕ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ኮን

የበጎ ፈቃድ ሥራ በፍቅር ጸንቶ ይቆማል ይባላል። አይቆምም። እኔ እስካየሁት የሚቆመው በእልህ ነው፤ ፍቅር ከሁለተኛው ስብሰባ አያልፍም።

ይህን የምጽፈው ሞተሩ እየሠራ የማይነሳ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከጎኔ አንድ ጆንያ ድንች፣ ከእግሬ ሥር ሁለት ዶሮ፣ ከፊቴ በጋቢ የተጠቀለሉ ሦስት ሰዎች አሉ። ወደ ላሊበላ የምሄደው ለፍልፍሎቹ አብያተ ክርስቲያናት አይደለም፤ እነሱ ጸሐፊ አጥተው አያውቁም። የከተማው ሰዎች ያለ ደመወዝ ያቋቋሙት አንድ የጥበብ ቤት አለ፤ የእሱን ታሪክ ፈልጌ ነው።

ሾፌራችን ሰይድ ስለ ቤቱ ሰምቷል።

«ከበሮ የሚያስተምሩበት? ተዘግቶ የለም እንዴ?»

«ማን ዘጋው?»

«እንጃ፣ ተኳርፈው ነው አሉ። አብሽር ጋሼ፣ ይታረቃሉ። የላስታ ሰው ሲያኮርፍም ቀስ ብሎ፣ ሲታረቅም ቀስ ብሎ ነው።»

እሱም ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው።

ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ ላሊበላ

ከጋሸና በኋላ መንገዱ ይጠማዘዛል፤ ግራ ቀኙ ታርሶ ዝናብ የሚጠብቅ መሬት፣ የድንጋይ ካብ፣ ባሕር ዛፍ የተጫነ አህያ።

ቤቱ ከገበያው በላይ ነው፤ ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። የተቀበሉኝ ከመሥራቾቹ አንዱ መሪጌታ ፈንታ ናቸው። ብራና ላይ ሥዕል ይሥላሉ፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በሩን አሳዩኝ እንጂ አልከፈቱልኝም፤ ሦስት ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል።

ታሪኩ ይህ ነው። ከጦርነቱ በፊት መሪጌታ፣ ጡረታ የወጡ አንድ መምህርና ስፌት የሚሰፉት እትዬ ዘነቡ መጋዘኑን ለምነው ተረከቡ። ጎረቤት በደቦ ወጥቶ ጣራውን ከደነ፣ ወለሉን ደለደለ። ቅዳሜ ከሰዓት የፈለገ ሁሉ እየመጣ ሥዕል፣ ከበሮ፣ ማሲንቆ ወይም ስፌት በነፃ ይማር ጀመር። ሦስቱም ደብር ውስጥ ያደጉ ስለሆኑ ቤቱንም የቆለፉት እንደ ደብራቸው ዕቃ ቤት ነው፦ ሦስት ጓጉንቸር፣ ሦስት ባለቁልፍ፣ ሦስቱም አብረው ካልቆሙ በሩ አይከፈትም። ሌባን ለመከላከል ግሩም ዘዴ ነው። ተማሪንም ይከላከላል።

አንድ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ የእትዬ ዘነቡ የስፌት ሰዓት እሳቸው ሳይጠየቁ ተሰረዘ። እንግዶቹ አልመጡም። እትዬ ዘነቡ ግን ከነቁልፋቸው ብልባላ፣ ወንድማቸው ዘንድ ሄዱ። በሩ እንደተዘጋ አንድ ክረምት አልፎ ሁለተኛው ሊገባ ነው። ጣራው ያፈሳል፤ ውስጥ ከበሮዎቹና መሪጌታ ለማስተማሪያ የሣሏቸው ብራናዎች አሉ።

«ለምን አይሰብሩትም?» አልኳቸው።

የሰደብኳቸው ያህል አዩኝ። «በዚያ ክፉ ጊዜ እንኳ ያልተሰበረ በር፣ አሁን በሰላሙ እኛው እንስበረው? ምን ብለን?»

«እሺ፣ ምን አደረጉ ታዲያ?»

«ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልከናል።»

ምሳ ሽሮ ነው፤ የሰኔ ጾም ነው። ሽሮው ቀጭን፣ ቃሪያው ጨካኝ።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ወደ ብልባላ

መሪጌታ «እኔ ብሄድ ልመና ይመስላል» ብለው ቀሩ። ሰይድ መንገዱ ጎማ ይበላል እያለ ወሰደኝ። እውነቱን ነው፤ ይበላል።

እትዬ ዘነቡን ያገኘናቸው ደጃፍ ላይ፣ አንድ ጉልበታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ወስፌ ይዘው ሰፌድ ሲሰፉ ነው።

«መሪጌታ ልከውህ ነው?»

«አይ፣ በራሴ ነው። ቁልፉን ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

ወስፌያቸው ቆመ። «ቁልፉን?»

«አዎ።»

«አቤት! በስንት ጊዜ አንድ ሰው ተገኘ! ሽማግሌ ይመጣል፤ ይቅር በይ ይለኛል፤ ይቅር ብያለሁ እለዋለሁ፤ በልቶ መርቆ ይሄዳል። ስለ ቁልፍ ትንፍሽ ያለ የለም። እኔማ ጓጉንቸሩን ቀይረውት ነው ብዬ!»

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ቁልፉን አምጪ ማለት ተሽረሻል ማለት እንዳይመስልባቸው ፈርተው፣ ሽማግሌዎቹ የተላኩበትን ጉዳይ ሳያነሱ ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። እሳቸውም ሳይጠየቁ ቁልፍ ይዞ መሄድ ውለታ ፍለጋ እንዳይመስልባቸው ተቀምጠዋል። ቤቱን የዘጋው እልህ መስሎኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ሌላው ዓለም ቤት የሚዘጋው በጥል ነው፤ እኛ በይሉኝታ እንዘጋለን።

«እንግዲያው ይስጡኝና ላድርስ» አልኩ።

«ቁልፍ በመንገደኛ አይላክም። ባለቁልፍ በእግሯ ሄዳ በሩ ላይ ትቆማለች።» ጉልበታቸውን አዩ። «በመኪናም ይሆናል።»

«ይግቡ እማማ፣ ጋቢናው የእርስዎ ነው» አለ ሰይድ። «ጋሼ ከኋላ ከጎማው ጋር ይቀመጣል።»

ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ላሊበላ

ሦስቱ ባለቁልፎች፣ መሪጌታ፣ መምህሩና እትዬ ዘነቡ፣ በሩ ፊት ቆሙ።

«ከስተሻል፣ ዘነቡ» አሉ መሪጌታ።

«እርስዎ ደግሞ አረጁ።»

ዕርቁ ይኸው ነበር። ጓጉንቸሮቹ ዝገዋል፤ ሰይድ የሞተር ዘይት ጠብ አደረገባቸው። ውስጡ እርጥብ ቆዳ ይሸታል። ሁለት ከበሮ ተተርትሯል። ከብራናዎቹ የላይኞቹ ቀለማቸው ፈስሶ አንድ ላይ ተጣብቀዋል፤ የታችኞቹ ደርቀው ተርፈዋል። መሪጌታ አንድ በአንድ እያነሱ በነጠላቸው ጠረጉ። እትዬ ዘነቡ የጀመሩት መሶብ ውስጥ አይጥ ወልዳ አገኙና ሳቁ።

ከዚያ ቁልፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ይህ ጉልበት ቅዳሜ ቅዳሜ አያመላልሰኝም። እዚሁ የሚኖር ሰው ይያዘው።»

መምህሩ ሁለት ጓጉንቸር ይበቃል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሁለቱ ከሥላሴ አንዱን እንቀንስ የተባሉ ያህል አፈጠጡባቸው። ቀጥሎ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ቀጠሮ አክብሬም አላውቅም። አንድ ጎረቤት ተጠርቶ መጣና «ከመሪጌታ እኩል ልቆም? አያድርገው!» ብሎ ሄደ። ሌላዋም እንዲሁ። ውጭ ማካፋት ጀምሯል፤ ጣራውን የሚጠግኑ ሰዎች ቅዳሜ ይመጣሉ፤ ባለቁልፍ ከሌለ ውጭ ቆመው ይመለሳሉ።

ላሊበላ የምትኖር አንባቢ፣ አድናቆትህ ይቆየኝ፤ ትሕትናህም እንዲሁ። ቅዳሜ በሰባት ሰዓት ሂድና ያንን ቁልፍ ተቀበል።