እጅ ከአገጭ በታች

ሊወስዱኝ ሲመጡ አምቦ፣ ትምህርት ቤቴ ውስጥ የፈተና ወረቀት አርም ነበር። «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» አሉኝ። አምስት ደቂቃዋ አራት ወር ፈጀች። ያስገቡኝ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል፣ አቧራው ያስነጥሳል። በአሥራ አንደኛው ቀን እንኳ ባለቤቴ የት እንዳለሁ አታውቅም ነበር።

የዚያን ዕለት ጠዋት አንዱ ጠባቂ ብጣሽ ወረቀት ይዞ ገባ። ለሥልጠና ለመመረጥ የእንግሊዝኛ ፈተና ነበረበት።

«መምህር፣ ረጃጅሞቹ ቃላት ምላሴን ያስሩታል። አስተምረኝ፤ እዚህ መሆንህ ለቤትህ እንዲነገር አለቃዬን ለምኜ አስፈቅድልሃለሁ።»

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ለተማሪዎቼ እንደማደርገው እጁን ከአገጩ በታች እንዲያደርግ ነገርኩት፤ መንጋጋ ዝቅ ባለ ቁጥር አንድ ክፍለ ቃል ይቆጠራል።

«ኢን-ቬስ-ቲ-ጌ-ሽን።»

«አምስት» አለ።

«አሁን ድምፁ የሚበረታበትን ፈልግ። መጨረሻው ‹ሽን› ከሆነ፣ ጉልበቱ የሚያርፈው ከእሱ በፊት ባለው ላይ ነው።»

«ጌ» አለ፤ ፊቱ በራ።

ጥግ ላይ የተቀመጡት፣ ‹ኦቦ› እያልን የምንጠራቸው የደንዲ ገበሬ ያዩን ነበር። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ከምርመራ ከተመለሱ ሦስት ቀናቸው ነው፤ ግራ ጉንጫቸው አብጦ ከውሃ በቀር የሚውጡት የለም። እሳቸውም እንደ እኛ እጃቸውን ከአገጫቸው ሥር አድርገው ሊከተሉን ሞከሩ። መንጋጋቸው አልከፈት አለ፤ ምራቃቸው ብቻ መዳፋቸው ላይ ፈሰሰ። ጠባቂው አንገቱን ደፋ።

«ኦቦን ሐኪም ቤት ውሰዳቸው» አልኩት።

«አለቃዬን መለመን የምችለው አንዴ ነው፣ መምህር። ወይ ለእሳቸው፣ ወይ ለአንተ።»

ሽማግሌው ‹ተወኝ› በሚል እጃቸውን አወዛወዙ። የባለቤቴ ፊት ድቅን አለብኝ። ልቤ ወደ እሷ ማድላቱን አልክድም።

«ለእሳቸው» አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ወሰዷቸው። ወደ እኛ ክፍል አልተመለሱም፤ ይዳኑ አይዳኑ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠባቂውን ግን ፈተናው እስኪደርስ በየቀኑ አስተማርኩት።

ይህን ለባለቤቴ የነገርኳት በቅርቡ ነው። ያኔ ከጉደር እስከ ጊንጪ በየጣቢያው ስትጠይቅ ከርማ፣ በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄዳ ሬሳ አሳዩኝ እስከማለት ደርሳ እንደነበር እሷም በተራዋ አጫወተችኝ።

«ደግ አድርገሃል» አለች ቀጥላ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

ይቅርታ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ዛሬም ምረጥ ብባል የምመልሰው ያንኑ ስለሆነ፣ ይቅርታውን ተውኩት።