አንጓና መዳፍ

ዓረብ አገር፣ ተዋሂ በሚባል ሰፈር፣ ወደቡ አጠገብ ካለ ሻይ ቤት በር ላይ፣ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ የማይጠፋ አንድ ያገራችን ሰው አለ። ሙቀቱ ሰው እየቀቀለ እሱ የቆዳ ጓንቱን አያወልቅም። የሚጠጣበትን ኩባያ ከቤቱ ያመጣል። ሰላም ሲሉት፣ ሊጥ ስታቦካ እንግዳ እንደደረሰባት ሴት፣ የእጁን አንጓ ያቀርባል። ሐኪሙ "ታጥበህ ጠርተሃል፣ ሰው ላይ አይጋባም" ብሎታል፤ እሱ ግን ለሰው ይሳሳል።

ነገሩን ሻይ ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛ ግቢ ውስጥ ሲሠራ፣ ከነዳጅ ጉድጓድ የተነቀለ፣ የጨረር ምልክት ያለበት ከባድ ዕቃ መጣ። "የሚያውቅ ሰው ይጠራና ይየው" አለ እሱ። አለቃው፣ ሙአሊም የሚሉት፣ ምልክቱን በቢላ ፋቀና "ሐዲድ ነው!" አለው፣ በዓረብኛ ብረት ማለቱ ነው፤ "ተራ ብረት ነው፣ ክፈተው።" ከፈተው።

"አላህ የእጁን ይስጠው" አልኩት አንድ ቀን።

"እሱ እስኪሰጠው፣ እኔ የእጄን እሰጠዋለሁ" አለኝ።

ሙአሊሙ ከመስጊድ ወደ ቤቱ የሚሄድበት መንገድ ይህ ብቻ ነው። ብቅ ሲል ሰውዬው ይነሣል፤ ጓንቱን በጥርሱ ስቦ ያወልቅና ጥፍር ያልቀረለትን፣ ቆዳው የተላጠ መዳፉን፣ አንጓውን ሳይሆን መዳፉን፣ በሰው ሁሉ ፊት ይዘረጋለታል። ሙአሊሙ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል።

"ምን ያስፈራሃል ሙአሊም?" ይለዋል፣ እጁን ሳያጥፍ። "ሐዲድ ነው።"