የማይዝገው ወለል

ሚኒባሱ ቆመ። አንድ ሽማግሌ ለመውረድ እግራቸውን ሲዘረጉ ከኋላቸው ሰማያዊ ቱታ የለበሰች ሴት ብድግ አለች።

“አባባ፣ አንዴ ይቆዩ!”

የበሩን ደፍ ዝገት በልቶት እንደ መጋዝ ጥርስ አውጥቷል። ሴትዮዋ የቆዳ ጓንቷን ከኪሷ አውጥታ ስለታሙን ጠርዝ ሸፈነችና በመዳፏ ያዘችው። ሽማግሌው ቅልጥማቸው ሳይነካ ወረዱ። “ተባረኪ ልጄ” ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እሷም ወደ ሾፌሩ ዞረች።

“ይሄ መኪና ሰው ይበላል። ነገ እኛ ጋራዥ አምጣው።”

“እሺ እትዬ፤ ስቱኮ መርገሽ ቀለም ስትቀቢው ሙሽራ ይመስላል።”

“እኔ ሬሳ አልኩልም!”

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እሷ ተቻኩላ ስትወርድ ጓንቷን እዚያው ረሳችው። አጠገቡ ተቀምጦ የነበረው፣ ይህን የሚጽፈው ሰው፣ አነሣውና የጋራዡን ቦታ ሾፌሩን ጠየቀ።

ጋራዡ ውስጥ ይህችን ሴት የሚጠሯት “አይለጠፍም” እያሉ ነው። ላሜራ ቀጥቃጭ ናት፤ መዶሻ ያስያዟት አባቷ ናቸው። ደንበኛ “እስቲ ትንሽ ነገር ለጥፊበት” ባላት ቁጥር መልሷ ያው ስለሆነ ስም ሆኖባት ቀረ። አባቷ ሲያርፉ ግቢውን የተረከበው ታላቅ ወንድሟ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ እጁ ፈጣን፣ ምላሱ ጣፋጭ ነው። በር ላይ ያሰቀለው ማስታወቂያ “የማይዝግ ወለል እንሠራለን” ይላል። ብልሃቱ የራሱ ነው፦ በብረቱ ወለል ላይ ምንጣፍ ያነጥፋል፣ በላዩ አሉሚኒየም ይደርባል፣ ከዚያ ሪቬት በሚሉት የብረት ችንካር ይመታዋል። አሉሚኒየም አይዝግም፤ ታዲያ ወለሉ በምን ይዝጋል? ይህን ሲናገር ሁሉም አንገቱን ይነቀንቃል። እሷም ብትሆን አምናው ነበር።

በማግስቱ ሚኒባሱ ገባ። ወንበሮቹን ፈታ አወጣች። በየሪቬቱ ዙሪያ አሉሚኒየሙ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ሆኖ ተበልቷል፤ በአውራ ጣቷ ስትገፋው ገባላት። ገለጠችው። ምንጣፉ ውሃ የጠጣ ስፖንጅ ሆኗል፤ ከሥሩ ያለው ብረት እንደ ዛፍ ቅርፊት በእጇ ተነሣ። በቀዳዳው መሬቱ ይታያል። የሪቬቶቹን አሰካክ ስታይ አወቀችው። የወንድሟ እጅ ነው። ይህን ወለል ይዞ የሚሮጠው መኪና ስንት ይሆን?

“ጋሼ፣ ና እየው።”

ወንድሟ አየ፤ ፊቱ ጠቆረ። ሾፌሩ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ፋይበር ግላስ ለጥፊበትና ዝጊው።”

“አይለጠፍም። አሉሚኒየሙና ብረቱ እርጥበት ላይ ተነካክተው አንዱ ሌላውን ሲበላ ከርሟል። ውሃውንም ቆልፈን ያስቀመጥነው እኛው ነን።”

“ጋራዥ እኮ ነው የያዝነው፣ ቤተ መቅደስ አይደለም!”

“ፋይበሩ ነገ ሲሰበር ምን ይሆናል? መጣል ነው። ብረት ግን ሞቶ ይነሣል። እሳት ገብቶ በር ሆኖ፣ ምሰሶ ሆኖ ይመጣል። እኔ ትንሣኤ ያለውን ነው የምመርጠው።”

“ስብከትሽን ተዪኝ! ወይ ትዘጊዋለሽ፣ ወይ መዶሻሽን ይዘሽ ከዚህ ግቢ ትወጫለሽ!”

ጓንቱን ሊመልስ የመጣው ሰው በር ላይ እንደቆመ ቀረ። እዚህ ግቢ ነው ያደገችው፤ ከዚህ ሌላ እንጀራ አታውቅም። መዶሻዋን አነሣች። ልትወጣ ነው ሲሉ ሚኒባሱ ውስጥ ገባችና እግሯን በቀዳዳው አንጠልጥላ ቁጭ አለች።

“በል ቀለም ረጪውን ጥራው፤ እኔንም አብሮ ይቀባኝ!”

ሾፌሩን ሳቅ አመለጠው። ጠጋ ብሎ ቀዳዳውን ሲያይ ግን ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። “በዚህ ላይ ነው እንዴ የሰው ልጅ ስጭን የከረምኩት? ጋሼ፣ እሷ እንዳለችው ይሁን። እኔ እጠብቃለሁ።”

ወንድሟ የመኪናውን ቁልፍ ወርውሮላት ቢሮው ገባ፤ በሩን ግን አልዘጋም።

እሷ ሥራዋን ጀመረች። ወለሉን በሙሉ ዚንክ ውስጥ በተነከረ ላሜራ ሠራችው። ውሃ የሚወርድበት ቀዳዳ ተወችለት። ሙጫ የሚባል ነገር ሳታስጠጋ በብሎን አሰረችው። አሉሚኒየም የቀረው መርገጫው ላይ ብቻ ነው፤ እሱንም ከብረቱ እንዳይነካካ በመሃል ላስቲክ አስገባችበት፣ ብሎኖቹንም በላስቲክ ሸፈነች። “ነገ መኪናው ሲያረጅ የሚፈታው ሰው ዓይነቱን በዓይነቱ ለይቶ ወደ እሳት ይመልሰው” አለች። “ፈጣሪ የሰጠንን ቆሻሻ አድርገን አንሂድ።”

ስትጨርስ እስከዚያ ከጠበቃት ሰው ጓንቷን ተቀበለች፤ ስታመሰግነውም ዓይኗ ደረት ኪሱ ላይ አረፈ።

“ወንድሜ፣ እስክሪብቶ ይዘዋል። ይጽፋሉ ማለት ነው?”

“እሞክራለሁ።”

“እንግዲያው አንድ ነገር ላስቸግርዎ። የኔ ፊደል የተገጨ መኪና ነው የሚመስለው።” ቀይ የፀረ ዝገት ቀለምና ብሩሽ አቀበለችው። “እዚያ ማስታወቂያ ሥር፣ ግድግዳው ላይ ይጻፉልኝ፦ ‘የማይዝግ ወለል የሠራንላችሁ ሁሉ፣ መልሳችሁ አምጡልን።’”

ሰውዬው ወደ ቢሮው አየ። ወንድሟ ደፉ ላይ ቆሟል።

“ጋሼ ምን ይሉኝ ይሆን?”

“እሱ ያሰቀለውን ሲፈልግ ራሱ ያወርዳል። ይሄኛው ግን አይሰረዝም” አለች፣ ወንድሟ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። “በትልቁ ይጻፉልኝ። እየነዱ ሲያልፉም እንዲያነቡት።”