የከፈለ በር

አቦቦ ውስጥ ከፈለን የማያውቅ የለም፤ ያ ጎብጦ የሚሄደው ረጅሙ ሰውዬ ነው። ከወሎ አብረን መጥተን ስንሰፍር እንደ እሱ ቀጥ ብሎ የሚራመድ አልነበረም። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ አንድ ንጋት ላይ ግርግር ተነሳና መንደራችን ተቃጠለ። ከፈለ ሴት ልጁን ስንታየሁን አዝሎ ሲሮጥ ቦይ ውስጥ ወደቀ። ልጅቷ ምንም አልሆነች፤ እሱን ግን ወገቡን ያዘው።

ክልል ሆነን፣ ሰላም ወርዶ፣ ጎጇችንን መልሰን ሠርተን እንኳ አልተሻለውም። በሬዎቻችንን ገንዲ የሚሉት የከብት በሽታ ስለጨረሰብን የምናርሰው በዶማ ነው። ጎንበስ ማለት ያቃተው ሰው ደግሞ በቆሎ አይዘራም። እስካሁን ሚስቱ ቤርሳቤ ብቻዋን ስትቆፍር ቆየች፤ ዘንድሮ እሷም ደከመች። ዝናቡ ሳይገባ ከፈለ ካልተነሳ ቤቱ ይራባል።

የክሊኒኩ ጤና ረዳት ዘካርያስ ወገቡን ዳሰሰና፣ «አጥንትህ ደህና ነው ጋሽ ከፈለ። ጣውላ ላይ ተዘርግተህ ተኛ፤ ቀን ቀን ቀስ እያልክ ሥራ» አለው።

ከፈለ ቤት ያለው ጣውላ በሩ ብቻ ነው። እሱን ነቅሎ ተኛበት! ጉድ በሉ እንግዲህ፤ ወገቡ ጣውላ ቢያገኝ ቤቱ በር አጣ። ክፍቱን ደጃፍ ሲጠብቅ፣ ሰውነቱን እንደገተረ ይነጋበታል። ሕመሙ ባሰ።

«ስጋቱ ነው እንዳትድን የያዘህ» አለው ዘካርያስ።

«ውሸቴን ነው የምታመመው?»

«ሕመሙማ እውነት ነው። እንዳይለቅህ የያዘው ግን ስጋቱ ነው።»

ከፈለ ተቀይሞ ክሊኒክ መሄዱን ተወ። እኔም በልቤ ዘካርያስን ታዝቤው ነበር።

ጎረቤታችን ኦቹዶ የአገሩ ተወላጅ፣ አኙዋ ነው፤ ዓሣ ያሰግራል። በዚያ ግርግር ቤርሳቤን ቤቱ የደበቃት እሱ ነው። ከፈለን ሊጠይቅ ገብቶ ሳቀ። «ከፈለ፣ አንተ በር ላይ ትተኛለህ። ቤቱን ማን ይዘጋል?» በማግስቱ ካረጀ ጀልባው የፈታውን ወፍራም ጣውላ ተሸክሞ መጣ። «በር ወደ ቦታው ይሂድ። አንተ እዚህ ተኛ።» በሩን አብረን ገጠምነው፤ ሁላችንም እፎይ አልን።

ዝናቡ ጣለ። ሁሉም ወደ ማሳው ሲወጣ ከፈለ ጠፋ። ከኦቹዶ ጋር ልንጠራው ሄድን፤ በሩን ብንገፋው አልነቃነቅ አለ። ቤርሳቤ ከውስጥ ስትታገል ቆይታ ከፈተችልን። የኦቹዶ ጣውላ የበሩ መወርወሪያ ሆኗል። ከፈለ መሬት ላይ፣ ሰሌን ላይ ተኮራምቶ ተኝቷል።

ኦቹዶ ጣውላውን በእጁ ዳበሰው። «ማን እንዳይገባ ነው?»

«አንተን አይደለም» አለ ከፈለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

«አውቃለሁ።»

ኦቹዶ ጥግ የቆመውን ዶማ አንስቶ ወደ ከፈለ ማሳ ወረደ። ቤርሳቤ ደጃፉ ላይ ቆማ ሲቆፍርላቸው ታየዋለች።

«በሩን ዝጊው» አላት ከፈለ።