የወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ

ባለፈው ሳምንት ኧርቪንግ ከተማ ውስጥ ድልድይ አጠገብ መኪናዬን አቁሜ ወደ ወንዙ ስመለከት፣ ምሰሶው ላይ የታሰረች ግራጫ ሣጥን አየሁ። የውሃውን ንጽሕና በየሩብ ሰዓቱ የምትለካ መሣሪያ ናት። እውነቱን ለመናገር ቀናሁባት። በሃያዎቹ ዕድሜዬ ያን ሥራ የምሠራው እኔ ነበርኩ፤ ያውም በወር አንድ ቀን።

በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ወንዙ ወርጄ ጠርሙስ እሞላለሁ፤ በረዶ ውስጥ አድርጌ ላብራቶሪ አደርሳለሁ። በሌላው ቀን ሌላ ወንዝ። ምሳዬን፣ የቀዘቀዘ ቡሪቶ፣ መኪና ውስጥ ብቻዬን እበላለሁ። ከሰው የምገናኘው እሁድ፣ ሜስኪት ከተማ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ነበር። እዚያም ቢሆን፣ አረጋውያን መጦሪያ ከሚሠሩት ከእትዬ አልማዝ በቀር «በልተሃል?» የሚለኝ አልነበረም።

አንድ የጸደይ እሁድ ፓስተራችን የዚያ ዓመት የምእመናን ጥምቀት በዚያው ወንዝ እንዲሆን አሰቡ።

«ወንድም ሰለሞን፣ ሶ ውሃው ሴፍ ነው?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ለካ ስሜን ያውቁታል!

«በየወሩ ቴስት አደርገዋለሁ ፓስተር፤ ንጹሕ ነው» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። አልዋሸሁም፤ ውጤቱ ሁሌም ጥሩ ነበር።

በጥምቀቱ ዋዜማ ዝናቡ ሲወርድ ዋለ። በማግስቱ እትዬ አልማዝም ተጠመቁ። በሦስተኛው ቀን እግራቸው ላይ የነበረች ጭረት አመርቅዛ፣ ትኩሳት ጥሏቸው ሆስፒታል ገቡ። እኔም እንደገና ሲዘንብ ማንም ሳያዘኝ ሄጄ ጠርሙስ ሞላሁ። ውጤቱ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም፤ ውሃው በጀርም የተሞላ ነበር። ዝናብ በጣለ ቁጥር የመጸዳጃ ፍሳሽ ወንዙ ውስጥ ይገባል፤ የእኔ ማክሰኞ የሚደርሰው ውሃው ከጠራ በኋላ ነው።

ሆስፒታል ሄጄ አልጋቸው አጠገብ ቆምኩ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ንጹሕ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ያየኸውን ተናገርክ፤ ምን ታደርግ?» አሉ። «እኔስ ብሆን? እሁድ እሁድ ደህና ነህ ወይ እልሃለሁ፤ ደህና ነኝ ትለኛለህ። እሁድማ ለብሰህ፣ አምሮብህ ነው የምትመጣው። ረቡዕስ እንዴት ነህ ልጄ?»

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ድነው ከወጡ በኋላ ቀን ሳይመርጡ ይደውሉልኝ ጀመር፤ አንዳንዴም በሳምንት ሦስቴ። «ዛሬስ?» ብቻ ነበር የሚሉኝ፤ እኔም እውነቱን እነግራቸዋለሁ።

እትዬ አልማዝ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆናቸው። ልጆቼ ደጎች ናቸው፤ እሁድ እሁድ ሳያዛንፉ ይደውላሉ። «ዳድ፣ ደህና ነህ?»

ደህና ነኝ እላቸዋለሁ።